የጋሽ ግርማ አርባ ቃላት

ኅዳር 22፣ ሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00
ውኃ መጣ። ሦስት ጀሪካን ለእኔ አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት ለጋሽ ግርማ ሁለተኛ ፎቅ። ወገቤ የለም። ጋሽ ግርማ በሩን ከፍተው፣ ዛሬስ ስንት ቃል ትፈልጊያለሽ አሉኝ። አምስት አልኩ። ሰጡኝ።

ሥራው ያው ነው፣ ደብተሬ። አሠሪዎቼ ሁለት ቋንቋ ያጣምሩና ለድረ ገጽ አነጻጽሪ ይሉኛል። የዚህ ሳምንት ዕጣዬ ዩክሬንኛና ዞንግካ። ዞንግካ የቡታን ቋንቋ ነው፤ እኔም ያወቅሁት ባለፈው ዓርብ ነው። አርባ ቃል በሰንጠረዥ፣ ሁለት ገጽ ማብራሪያ። ሁለቱንም አልችልም። አታፍሪም ወይ እንዳትለኝ።

ለዞንግካው ፔማ አለችልኝ፣ በቴሌግራም የተዋወቅኋት፣ የቡታን ዋና ከተማ የቲምፉ መምህርት። ለዩክሬንኛው ጋሽ ግርማ። በወጣትነታቸው ዩክሬን፣ ካርኪቭ ከተማ ምህንድስና ተምረዋል። ትምህርቱ በሩስኛ ነበር። ዩክሬንኛውን የለመዱት የተማሪዎች ማደሪያ የሚያጸዱ አንዲት እናት ቤት፣ እሑድ እሑድ እየበሉ ነው።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ
ጻፍኩ፦ ዩክሬንኛ እንደተጻፈ ይነበባል ማለት ይቻላል። ዞንግካ ግን ተጽፈው የማይነበቡ ፊደሎች ሞልተውታል። ፔማ ትልቅ ሰው ስታናግር መጨረሻው ላይ ‹ላ› ትጨምራለች። ጋሽ ግርማ በበኩላቸው፣ እሑድ በሚበሉበት ቤት ልጅቷ እናቷን አንቱ ትል ነበር አሉኝ። ደስ አለኝ። ሁለቱም ከእኛ ሰፈር ከልደታ ያን ያህል ሩቅ አይደሉም።

ልጅቷ ሃሊና ትባላለች። እኩያቸው ናት፣ እህቴ ነው የሚሏት። ደብዳቤው ከተቋረጠ ብዙ ዓመት ሆነው። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ዜና ላይ ከተማዋን ያያሉ፣ እሷን አያዩም። ፈልጊልኝ አሉ። ፎቶ ሰጡኝ፤ ከጀርባው ሙሉ ስሟ አለ። ይሄን ሁሉ ተቀብዬ እምቢ እንዴት ልበል?

ኅዳር 24፣ ረቡዕ
ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ታክሲው ሁሉ ሙሉ። አልወጣሁም። ሃሊናን ፈለግሁ።

አገኘኋት። ሞታለች። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሕመም። ታስተምርበት የነበረ የሙዚቃ ት/ቤት ገጽ ላይ ነው የተጻፈው። የወጣትነት ፎቶዋም አለ፣ ከጋሽ ግርማው ጋር አንድ። በመተርጎሚያ ሦስት ጊዜ አስተረጎምኩት። ሦስቴም ሞተች።

10፡00 ላይ ልነግራቸው ወረድኩ። ብርቱካን ልጠው ጠበቁኝ። አገኘሻት ወይ አሉ። ገና ነኝ አልኩ። ከዚያ፣ አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ፣ ዳቦ ምን ይባላል ብዬ ጠየቅሁ። ኽሊብ። ሃሊና ኽሊቡን ቆርሳ ትልቁን ለእሳቸው እንዴት እንደምትሰጥ አወሩልኝ። እኔ እጽፍ ነበር።

መርዶ ከሰዓት በኋላ፣ ብርቱካን እየተበላ፣ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። በጠዋት ነው፣ ሰው ተሰብስቦ። ይህ እውነት ነው። ግን አሥራ ስድስት ቃል ይቀረኝ ነበር። ይህም እውነት ነው።

ኅዳር 26፣ ዓርብ
ዛሬ ስድስት ቃል። ሻይ በዩክሬንኛ ‹ቻይ›፣ በዞንግካ ‹ጃ›። ከጋሽ ግርማ ጋር ሳቅን። ለትንሽ ጊዜ ረሳሁት!

ከዚያ ምስጋና ላይ ደረስን። ዩክሬንኛው ‹ዲያኩዩ›። ፔማ ‹ካድሪንቼ ላ› ብላ ላከችልኝ፤ ሲፈታ ውለታዎ ትልቅ ነው እንደ ማለት ነው አለች። ሰንጠረዡ ውስጥ ሳስገባው ፊቴ ጋለ።

ሃሊናን ጠየቁኝ። ኔትወርክ የለም አልኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም የሚያምነው ውሸት። አይዞሽ፣ አትቸኩይ አሉኝ። እኔን!

ኅዳር 28፣ እሑድ፣ ከቀኑ 8፡00
አላስቻለኝም። ወ/ሮ ዘሪቱ ጋ ሄድኩ። የብሎካችን መርዶ ያለ እሳቸው አይነገርም። ነገርኳቸው። የሥጋ ዘመድ ናት ወይ አሉ። አይደለችም አልኩ። የእሑዱን ምሳ ስነግራቸው ግን፣ እሑድ እሑድ ያበላ ቤት ዘመድ ነው አሉ። ነገ በጠዋት እንሄዳለን፣ ጎረቤታችንን ጋሽ ሽኩርንም ይጠራሉ። ቀለል ሊለኝ ሲጀምር፦

«ያወቅሽው መቼ ነው?»
«ረቡዕ።»
«እስከ ዛሬ ምን ያዘሽ?»

ሰው የሚሰበሰብበትን ስጠብቅ አልኩ። እኔ እኮ ወ/ሮ ዘሪቱ ጋ የሄድኩት ዛሬ ነው። ረቡዕ በራቸው ክፍት ነበር።

እዚያው ቀን፣ 12፡30
ጋሽ ግርማ ራሳቸው አራተኛ ፎቅ ወጡ። በዚያ ጉልበት። አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ የቀሩትን ዘጠኝ ቃላት በዩክሬን ፊደል ጽፈዋቸዋል። ቁጭ ብዬ አሰብኳቸው አሉ። ስለ ሰንጠረዡ ጨንቋቸው መስሎኝ ነበር።

«ስታገኚያት ይቺን አሳዪልኝ» አሉ። «ግርማ አልረሳም በያት።»

ለካ አርባውንም ቃል ለእሷ ነው የሰጡት። ለሥራዬ አልነበረም። እኔ ደግሞ መሞቷን ካወቅሁ በኋላም ስሟን እያስጠራሁ ለቀምኳቸው። ለራሴ ስድብ አጣሁለት።

ኅዳር 29፣ ሰኞ፣ ንጋት 11፡40
ሰንጠረዡ ሞልቶ ነበር። አልላክሁትም። ከረቡዕ ወዲህ የወሰድኳቸውን አሥራ ስድስቱን አጠፋሁ። ፔማ የላከችው አለ፣ በዩክሬንኛው በኩል ባዶ። ሥራውን ይቀሙኝ።

ትናንት ማታ ለወ/ሮ ዘሪቱ እውነቱን፣ ለቃላቱ ስል መዘግየቴን ነገርኳቸው። የሞቷን እኛ እንነግራለን፣ አንቺ አልቅሺ እንጂ ሌላውን ተይው፣ ለሐዘንተኛ ሌላ ሸክም አይጨመርም አሉ። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን እንዲህ ደብቄ ሐዘናቸው ላይ መቀመጥ አልችልም። ሰልስቱ ሲወጣ፣ ሰው ሲሄድ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ረቡዕ አውቄ ዳቦ ምን ይባላል እንዳልኳቸው እነግራቸዋለሁ። ወረቀታቸውንም እመልሳለሁ። ቢያባርሩኝም ውኃ አመላልሳለሁ።

ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ አለ። ወ/ሮ ዘሪቱ ናቸው፣ ጋሽ ሽኩር ሲያስሉም ይሰማኛል። ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሻለሁ። ጋሽ ግርማ በዚህ ሰዓት ሬዲዮ ከፍተው ፊታቸውን ይታጠባሉ። ከታች ይሰማኛል፣ ሬዲዮው ገና አልተዘጋም። ልውረድ።