እማዬን ባሕር ዳር ላሳርፍ ብዬ

ማክሰኞ፣ ጥር 19

መስኮቱ ሐይቁን የማያይ ከሆነ ይቅርብን ብያለሁ። አባዬ ሳቁብኝ። «ሐይቁ አንቺን እንዲያይሽ ነው?» አሉ። ይሳቁ። ሆቴሉን እንድመርጥ የፈቀዱት ራሳቸው ናቸው። ምስክሬ እማዬ ናት፤ ምን ያደርጋል፣ እማዬ ሰው ፊት መስክራ አታውቅም።

አባዬ ፍኖተ ሰላም የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ባለፈው ስብሰባ ላይ «ልማታዊ ነጋዴ» ተብለው ተጨብጭቦላቸዋል። ልማቱን ጓሮ ቁጭ ብላ የምትቀነጥሰው ግን እማዬ ናት። ከኅዳር ጀምሮ ዛላውን ስትቀነጥስ፣ ስትለቅም፣ ስታነፍስ ሳል ያዛት። ሳሉ አልለቅ ሲላት የጤና ጣቢያዋ ሲስተር «ከዚህ አቧራ ለጥቂት ቀንም ቢሆን ራቂ፤ እረፍት ያስፈልግሻል» አለቻት። አባዬም ጭነቱ ደህና ዋጋ ባወጣ ማግስት፣ በደጉ ሰዓታቸው፣ «ባሕር ዳር ወስጄ አሳርፍሻለሁ» አሉ። ነገ ዛሬ ሳይባል ዓቢይ ጾም ሊመጣ ነው፣ ይሄ ቅዳሜና እሑድ ካለፈ አለፈ።

እማዬ በዕድሜዋ ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ ተኝታ አታውቅም። አራስ ስትሆን ብቻ። እሱም እረፍት ከተባለ።

እስካሁን የመረጥኩት ይሄ ነው። ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዝም ብሎ መቀመጥ። ዝም ብሎ! ሻይ ቢመጣም ሌላ ሰው ነው የሚያመጣው። እሑድ ጢስ ዓባይ፣ ፏፏቴው። ለአባዬ ብነግራቸው «ዓባይን እኔ የማውቀው እሱ ሕፃን ሳለ ነው። ሰከላ፣ ከምንጩ ላይ በአንድ እርምጃ ተሻግሬዋለሁ። ዛሬ አደገ ተብሎ ከፍዬ ላየው ነው?» አሉኝ። ያውም ውኃውን ለመብራት ወስደውት ቋጥኙ ብቻ ነው የቀረው ይባላል። ቢሆንም። ቋጥኝም ቢሆን አይቀነጠስም።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ሆቴል ተገኘ!

የክፍል ጓደኛዬ ወንድም ባሕር ዳር ስለሚማር ሦስት ሆቴሎች ነግሮኝ ነበር። አንዱ እስኪነጋ ሙዚቃ አለው፤ ሰረዝኩት። አንዱ ደረጃው ብዙ ነው፣ እማዬ ግማሹ ላይ ስትደርስ ሳል ይይዛታል፤ ሰረዝኩት። ሦስተኛው በረንዳ አለው፣ ዛፍ አለው፣ ከዛፉ ሥር ወንበር አለው። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ ስልክ ቤት ገብቼ ደወልኩ።

«ባለ አንድ አልጋ ነው ባለ ሁለት?» አለኝ ሰውዬው።

«ሐይቁን የሚያይ።»

«ይኖራል። ቁርስም አለው።»

«ቁርሱን ማን ነው የሚሠራው?»

«ወጥ ቤቱ ነዋ!»

«እናቴን ትንሽ አግዢን አትሏትም አይደል?»

«አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«አሥራ ስድስት። አልጋው ግን ለእናቴ ነው።»

«በይ በእናትሽ ስም ልያዘው» አለ፤ ድምፁ እየሳቀ ነበር። ለአባዬ አንድ ትንሽ ክፍል አስጨምሬ፣ ስሟን ፊደል በፊደል ነገርኩት። የእማዬ ስም ከዕድርና ከጤና ጣቢያ ካርድ ውጪ የትም የተጻፈ አይመስለኝም። ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ተጻፈ።

ቤት ገብቼ ስነግራት እጇን ከበርበሬው አነሳች። «ብቻዬን ነው የምተኛው?» አለች። «ከእኔ ጋር፤ አባዬ ሌላ ክፍል» አልኳት። «አዬ ጉድ!» ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እየሳቀች ይሁን እየሳለች አልለየሁም። ሁለቱም ይመስለኛል።

ሐሙስ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። መምሬ ሞላ ቤታችን መጡ። የንስሐ አባታችን ናቸው፣ ጠላ ካለበት ቤት ንስሐ አያስቸኩሉም። ሁለተኛው ዋንጫ ሲቀዳላቸው የአባዬ አፍ አላርፍ አለ።

«ቅዳሜ ባሕር ዳር ልንወርድ ነው፣ አባቴ። ሆቴል ይዘናል።» ይዘናል! ስልኩን የደወሉት እሳቸው ይመስል።

መምሬ ዋንጫውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ባሕር ዳር ያለችው እኅትህ በሕይወት አለች?»

«አለች እንጂ፣ አባቴ! አያልነሽ ምን ትሆናለች?»

«ቤቷ ተቃጠለ?»

«ኧረ ደህና ነው።»

«ተጣላችሁ?»

«እግዜር ያውቃል፣ ክፉ ቃል የለንም።»

«ታዲያ ዘመድ ባለበት አገር አልጋ የሚከራይ ምን ሆኖ ነው? ዝምድናው ከሞተ እኔም ነገ ለቀብሩ ልዘጋጅ እንጂ!»

አባዬ ቀሉ፤ የእኛ በርበሬ እንኳ እንደዚያ አይቀላም። መምሬ አልበቃቸውም፣ ሽርሽሩንም መረቁልን፦ ፏፏቴው ቀርቶ በታንኳ ገዳም ተሳልመን ጸበል እንድናመጣላቸው። «ገዳሙ ሴት ያስገባል?» ብዬ ጠየቅሁ። አያስገባም። «እናትሽ ታንኳው ላይ ትጠብቃለች፤ በረከቱ እዚያም ይደርሳል» አሉኝ። መምሬ ሥጋውን ሲያነሱ በረከቱ ወጡ ላይ እንደሚቀረው መሆኑ ነው።

እማዬ ጠላ ትቀዳ ነበር። የመምሬን ዋንጫ እስከ አፉ ሞላችላቸው። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

አርብ፣ ጥር 22

ከትምህርት ቤት ከመጣሁ ጀምሮ ክርክር። አባዬ «መምሬ እውነታቸውን ነው፣ አያልነሽ ጋ እናርፋለን» አሉ።

«እትዬ አያልነሽ ቤት ሄዶ ያረፈ ሰው ማን አለ?» አልኳቸው። «ባላቸው እንኳ ትንፋሽ የሚያገኙት ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ነው።»

ቁጣውን ጠበቅሁ። ሳል ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሳቃቸውን ሲደብቁ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ከዚያ ነገሬን ሁሉ ተናገርኩ፦ እማዬ ምራት ናት፣ ምራት በባል ቤተሰብ ዘንድ በእንግድነት አትቀመጥም፣ እጇ ሥራ ያገኛል። ሲስተር ያለችውን ረሱ ወይ? አልኳቸው።

መጨረሻ ላይ ተስማማን። እትዬ አያልነሽ ጋ ለሰላምታ ብቻ እንገባለን፤ እህል ቀምሰን ወደ ሆቴላችን። ድል ነው! ግማሽ ድል።

አሁን ደግሞ አባዬ «ባዶ እጅ አይኬድም» ብለው አንድ ማዳበሪያ ዛላ በርበሬ ለእኅታቸው እያሰሩ ነው። ከበርበሬ ልንሸሽ በርበሬ ጭነን!

ቅዳሜ፣ ጥር 23

ይሄን የምጽፈው እትዬ አያልነሽ ጓዳ ውስጥ፣ ሽንኩርት አጠገብ ነው። ስለዚህ ዓይኔ ቢያነባ ሽንኩርቱ ነው።

ጠዋት ደህና ነበር። ሚኒባሱ ቡሬን እስኪያልፍ እማዬ መስኮት ይዛ ተቀመጠች፣ እኔ ወንበሩን ተጋፍቼ ነው ያስያዝኳት። ኮሶበር ላይ ድንች ገዝቼ አበላኋት። ዳንግላ ላይ «ሐይቁ የዘንገናን ሐይቅ ያህላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዘንገናን ብዙ ጊዜ ይውጠዋል» አልኳት። «ዳሩ አይታይም?» አለች። «አይታይም።» ከዚያ በኋላ ዝም ብላ ፈገግ ትል ነበር።

እትዬ አያልነሽ በር ላይ ጮኹ። «አጥንቴ! ወንድሜ!» አባዬን ሳሙ፣ እኔን ሳሙ፣ እማዬን ያዟትና አልለቀቁም። «አንቺን እግዜር ነው የላከልኝ! ነገ የተክለ ሃይማኖት ማኅበር ደርሶኝ እኮ ብቻዬን ስጨነቅ አደርኩ!»

አባዬ «እኛ እንኳን ለሰላምታ…» ብለው ጀመሩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ጀምረዋል። እትዬ ግን ሻንጣችንን አንስተው ወደ መኝታ ቤት ወሰዱት። ቁም ሳጥኑ ሲቆለፍ ሰማሁ። ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩት። «ማን ከቤቴ ወጥቶ እንደሚያድር አያለሁ!» አሉ። ሁሉም ሳቁ። እንግዳ ማክበር እንዲህ ነው፣ እስር ቤትም የሚቆለፈው በዚሁ ዓይነት ነው።

ቆየት ብለው ማዳበሪያውን ፈቱት። «ለነገው ወጥ ደረሰልኝ! የሚቀነጥሰው ግን…» ብለው እማዬን አዩዋት። «ከእሷ የፈጠነ እጅ የት አለ?»

እማዬ ነጠላዋን አጠፈች፣ መቀነቷን አጠበቀች፣ ተቀመጠች። ባሕር ዳር መጥታ በርበሬ ትቀነጥሳለች። ሳሏ ከጓሮ ይሰማል። አባዬ ሳሎን ሆነው ስለ ልማት ያወራሉ።

እሑድ፣ ጥር 24

ማኅበርተኞቹ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁ። ወጡን አመሰገኑ። «የማን እጅ ነው?» ሲባል እትዬ «የወንድሜ ሚስት» አሉ። ስሟን እንኳ አልጠሩትም። ሆቴሉ ስሟን ያውቃል።

አባዬ ከእትዬ ባል ጋር ሐይቁን ሊያዩ ወጥተው ነበር። ታንኳ ተሳፍረዋል። ዓሣ ይዘው ተመለሱ፣ ያልጸዳ። ለማን እንደሰጡት አልጽፍም።

ከሰዓት በኋላ ምጣዱና ድስቱ ታጥቦ ሲያልቅ እማዬን ወደ በሩ ጎተትኳት። «ሆቴሉ ቅርብ ነው፣ ጠይቄያለሁ። ሻንጣው ይቅር። ነጠላሽን ብቻ ያዢ፣ እንሂድ።»

«ሂጂ እቴ!» አለችኝ።

«ሐይቁን ብቻ አይተሽ እንመለስ።»

«ልጄ፣ እኔ ከዚህ በር ብወጣ ስሜ አብሮኝ አይወጣም። እዚሁ ይቀራል፣ ማኅበር በደረሰ ቁጥር ይበላል።»

«ይብሉታ! አንቺ አትከሺበትም!»

ፈገግ አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ፊቴን ልትዳስሰኝ ነበር፤ ጣቶቿ በርበሬ መሆናቸው ትዝ ሲላት መለሰችው። እኔ ሐይቁን ጠላሁት። እትዬንም፣ መምሬንም፣ አባዬንም። እሷንም ትንሽ፣ እውነት እውነቱን ለመናገር።

ሆቴሉ ጋ ደውዬ «አንመጣም» አልኩት። ሰውዬው «እናትሽ ደህና ናት?» አለኝ። በዚህ ሁለት ቀን እሱ ብቻ ነው የጠየቀ።

ሰኞ፣ ጥር 25

ፍኖተ ሰላም ገባን። አባዬ ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን ላገኙት ሁሉ ባሕር ዳርን ሲያወሩ መጡ። «ሚስቴን አዝናንቼ!» አሉ ለዳቦ ቤቱ ሰውዬ። እማዬ ከኋላ ናት። ሰላምታ ትመልሳለች።

ግቢው ውስጥ የቡሬው ነጋዴ ነገ ጠዋት የሚወስደው በርበሬ ተቆልሏል፣ ገና አልተቀነጠሰም። እማዬ አየችው። ከዚያ አጠገቡ አልፋ ገባች። እልፍኝ ውስጥ መምሬና የሩቅ ዘመድ ካልመጣ የማይነካ አልጋ አለን፣ ባለ አበባ ብርድ ልብሱ። ገልጣ ገባችበት። ጫማዋን ያወለቅኩላት እኔ ነኝ።

«አሞሻል?» አልኳት።

«አላመመኝም።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «መጋረጃውን ዝጊው። ሰው ከመጣ አልተመለሰችም በዪ።»

አባዬ ጋቢያቸውን ጥለው መጡ። «እናትሽስ?»

«ተኝታለች።»

«በቀን?!»

«አዎ፣ በቀን።»

«የቡሬው ሰው ነገ ይመጣል እኮ።»

«ይምጣ። አልጋ የለንም እንለዋለን።»

ይመቱኛል ብዬ አንድ እርምጃ ሸሸሁ። አልመቱኝም። በእልፍኙ በር በኩል አዩ፣ ሳይጠሯት በሩን መለስ አደረጉት። ግቢው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አሉ። ሠራተኛ ፍለጋ ሰው ላኩ፣ በዚህ ሰዓት ማን ይገኛል? መጨረሻ ላይ የእማዬን መቀመጫ ዱካ ሳቡና ቁልሉ አጠገብ ተቀመጡ። ሲቀነጥሱ ብታዩዋቸው! ዛላውን እንደ ዶሮ አንገት ነው የሚጠመዝዙት። ትንሽ እንደቆዩ አስነጠሳቸው። ደገማቸው። ዓይናቸው ውኃ ሞላ።

ነገ እማዬ ትነሳ ይሆን፣ ስትነሳስ ምን ይባል ይሆን፣ አላውቅም። ከእልፍኙ ድምፅ የለም። ሳልም የለም።

አባዬ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሱ በር ላይ ቆሜ እያየኋቸው ነበር። አይንኩት አላልኳቸውም።