ፅዮን አይገባትም ስላልከው ነገር

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለአያ አዳነ፤

እንደምን ከርመሃል አያ? ጉልበትህን ያምህ ነበር፤ ዘንድሮ ውርጩ በረታ ሲሉ ሰምቼ ስለ አንተ ሳስብ ሰነበትኩ። እጅጋየሁስ እንዴት ናት? ከወሊዱ በኋላ ወገቧ ጠናላት? ትንሹ እንዳልካቸው ዳዴውን ትቶ መቆም ጀመረ? እናታችንስ፣ ዓይናቸው ያው ነው ወይስ ጠበሉ ረዳቸው? ገብሱ በሰላም ገባ? ከብቱ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከአቧራው ሳልና ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ልጅህ ፅዮንም ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ቁመቷም ጨምሯል፤ የመስከረሙ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል።

ይህን በወረቀት የምጽፍልህ ከእናንተ ዘንድ ስልክ ከጠፋ ወር ስላለፈው ብቻ አይደለም። ቢሠራም በስልክ አልነግርህም ነበር። አንተ ድምፅህን ከፍ ስታደርግ እኔ የምለው ይጠፋኛል፤ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከሥራ ቀርቼ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ደክሞኛል አያ። እንዲህ ያለ ድካም በአጨዳ ጊዜ እንኳ አላውቅም።

ጎረቤትህ ዋኘው ባለፈው ቅዳሜ ለገበያ መጥቶ መልእክትህን አድርሶኛል። ልጅቷ በግማሽ ዓመቱ ፈተና ከአርባ ሦስት ልጆች አርባ አንደኛ መውጣቷን ከገበያተኛ ሰምተሃል። "እግዜር ያልሰጣትን መምህር አይሰጣትም፤ አይገባትም፤ ትምጣና እናቷን ታግዝ" ብለሃል፤ የፊታችን ቅዳሜም ዋኘው ይዟት እንዲመጣ አዘሃል። አይገባትም የምትለዋን ቃል ዋኘው ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። ክፋት የለውም፣ መልእክት እንዳይጎድልበት ብሎ ነው። ፅዮን ግን በሩ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናዘዝ። ነሐሴ ላይ ልጅቷን ስትልክልኝ "የአገራችን ትምህርት ቤት ከተዘጋ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፣ አንቺ ዘንድ ሆና ትማር" ብለህ አደራ ሰጠኸኝ። በመጣች በሳምንቷ ፊደል ገበታ ፊት ባቆማት ከሀ እስከ ፐ አንዲት ሳትስት እንደ ውሃ አንቆረቆረችው። ከየኔታ ዘንድ የተማረችው ነበር። ደስታዬን አልቻልኩትም። ያኔ ስልኩ ይሠራ ነበርና ደውዬ "ፊደል ለይታለች፣ ሸጋ ልጅ ነው የላክህልኝ" አልኩህ። ውሸት ሆነ አያ። ለካ ምላሷ እንጂ ዓይኗ አያውቀውም። ኋላ የክፍሏ መምህርት ገበታውን በወረቀት ሸፍና አንዲት ቀ ብቻ ብታሳያት፣ ልጅቷ ከሀ ጀምራ ካልወረደች በቀር ልታገኛት አልቻለችም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ ይብሳል። ትምህርት ቤት በወሰድኳት ዕለት ጠዋት ፀጉሯን እየሠራሁ "ትልቅ ሰው ሲጠይቅሽ ዓይን ዓይኑን እንዳታዪ፤ ቶሎም እንዳትመልሺ፤ ቤተሰብሽን እንዳታሰድቢ" እያልኩ መከርኳት። እኛም ያደግነው በዚሁ ነው፣ በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልን። ፅዮን ምክሬን ጠበቀች። መምህርቷ ስሟን ስትጠይቃት አንገቷን ደፋች። ስዕል ብታሳያት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። እኔ ከኋላ ቆሜ በጨዋነቷ ስኮራ፣ መምህርቷ መዝገቧ ላይ "መረዳት ይከብዳታል" ብላ ትጽፋለች። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ አለፈ።

የምሠራው ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ካለ የእህል መጋዘን መሆኑን ታውቃለህ። ከጠዋት እስከ ማታ ምስርና ሽምብራ እለቅማለሁ። ልጅቷ እኩለ ቀን ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለምሳ ወጥቼ አበላትና ከውጭ ቆልፌባት እመለስ ነበር። አንዳንድ ቀን ተኩስ ይሰማል፤ የግቢውንም ሰው በቅጡ አላውቀውም፤ ፈርቼ ነው። ክፍላችን መስኮት የለውም። አላዋቂ ሳሚ ምን እንደሚለቀልቅ አንተም ታውቃለህ። ኅዳር ላይ መምህርቷ አስጠርታ "ከሰዓት በኋላ ከማን ጋር ትውላለች? ምን ታያለች? ከማንስ ጋር ታወራለች?" ብላ ጠየቀችኝ። "ከማንም" አልኳት። ሰብለ ወንጌል ትባላለች፣ ልጅ እግር ናት፣ ቁጣ አታውቅም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። ልጅ አእምሮው ሞልቶ አይወለድም አለችኝ፤ እያየ፣ እየነካ፣ እየጠየቀና መልስ እያገኘ ነው የሚሰፋለት። ዝም በይ የተባለችና በር የተቆለፈባት ልጅ የሰማችውን ከመድገም ሌላ ምን ትማር?

ከዚያ ቀን ወዲህ መጋዘን ይዣት መሄድ ጀመርኩ። ኃላፊው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ኋላ ተወው። እንግዲህ ስማኝ። አንድ ቀን ነጋዴ ካወረደው የተደባለቀ ገብስ ፊት ቁጭ ብላ፣ ማንም ሳያዛት ትለየው ጀመር፤ ጥቁሩን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ፣ ለቆሎ የሚመረጠውን ሰነፍ ቆሎውን ለብቻ። ለዘር የማይሆነውን ደግሞ "ይኸስ አይበቅልም" እያለች ወደ ዳር ታወጣዋለች። ለቃሚዎቹ ሥራ አቁመው አዩዋት። ከእናታችን ጎን ዘር ስትመርጥ ያደገች ልጅ መሆኗን ረስቼው ነበር። አንተስ በዘር ወቅት "ከእናቷ ትበልጣለች" ትል አልነበር? የማይገባት ልጅ ይህን ከየት አመጣችው?

በማግስቱ የሳሙና ካርቶን ቆራርጬ በየአንዳንዱ ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፍኩና ሰፌድ ላይ በተንኩት። በ የሚለውን ለቅመሽ አምጪልኝ አልኳት። ብዙ አየች። መጀመሪያ ሰ የሚለውን አነሳች፣ አገላብጣ መለሰችው፤ ከዚያ በ የሚለውን አገኘችው። ፊደሉ በተርታ ሲቀመጥላት ተርታውን ነው የምትይዘው፤ ሲበተንባት ግን መልኩን ለማየት ትገደዳለች። ለመምህርቷ ብነግራት ሳቀችና "አባቶችስ አቡጊዳን ያበጁት ለዚሁ አይደል? ልጁ ተርታውን በቃሉ ብቻ እንዳይዝ ቅደም ተከተሉን አፈራረሱበት" አለችኝ። እስከ ገና ድረስ ሰማንያ ያህል ፊደል በመልኩ ለየች። ካላመንከኝ ና፣ ራስህ በትንላት።

አፏም ተፈታ። ምነው ድንጋይ ከምስር ጋር ይበቅላል? ምነው የነገሥታቱ ግንብ ውስጥ ሰው አይኖርም? ምነው ማኪናው ዳገት ላይ ሲደርስ ይጮሃል? ምነው አንቺን ብቻ ሳል ያዘሽ? ከመጋዘን እስከ ቤት አፏ አያርፍም። መምህርቷ "መልሺላት፤ የማታውቂውን አላውቅም በያት፤ ብቻ ዝም አታሰኛት" ብላኛለች። ለሚናገረው ቀላል ነው። ለእሷ የሚከፈላት ለመመለስ ነው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ስውል የሰው ድምፅ መስማት ያስጠላኛል። የጥምቀት ሰሞን ሥራ በዝቶ ወገቤ ተቆርጦ ገባሁ። ልጅቷ ከጀርባዬ "ምነው? ምነው?" ትላለች። ዞሬ "ዝም በይ! አንቺ ልጅ፣ ዝም በይ!" ብዬ ጮኽኩባት። ድምፁ የአባታችን ድምፅ ነበር፣ ቁርጥ እሳቸውን። ፅዮን ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ከዚያ ወዲያ ሁለት ሳምንት አንዲት ነገር አልጠየቀችኝም፤ ትምህርት ቤትም አፏን አልከፈተችም። ፈተናው በዚያው መሀል ዋለ። እንግዲህ አርባ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ስለ እኔስ ታስታውሳለህ? አራተኛ ክፍል ሳለሁ አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ይህቺስ አይገባትም" ብለው አስቀሩኝና ደብተሬን ለአንተ ሰጡህ። በተረፈው ባዶ ገጽ አንተ ጻፍክበት። አልተቀየምኩህም፣ አንተም ልጅ ነበርክ። ቃሉን ግን አምኜው ኖርኩ። ሰው ሲያወራ "እኔ ምን ይገባኛል" እያልኩ ከዳር ተቀመጥኩ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝ በማታ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ነው የሚገባኝ መሆኑን ያወቅሁት። ይህን የሚጽፍልህ ያ አይገባውም የተባለው ጭንቅላት ነው።

ዋኘው በሄደ ማግስት፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ፅዮን እጄን ጎተት አደረገችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው። "አክስቴ፣ አይገባትም ማለት ምን ማለት ነው?" አለችኝ። መምህርቷ እንደመከረችኝ አላውቅም አልኳት። ግን ዋሸኋት አያ፤ አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ዋኘው ቅዳሜ ሲመጣ ይህን ደብዳቤ ይዞ ይመለሳል። ልጅቷን አልሰጠውም። እጅጋየሁ እጅ እንዳጠራት አውቃለሁ፤ ትምህርት ሲዘጋ ፅዮንን ይዤ እመጣለሁ፣ እኔም ጎንበስ ብዬ አግዛታለሁ። ብትቆጣ ተቆጣ፤ ታላቄ ነህ፣ ይገባሃል። ልትወስዳት ከቆረጥክ ግን ሰው አትላክ፣ ራስህ ና። መጥተህ የእሑዱን ጥያቄዋን አንተ መልስላት። ከመለስክላት በኋላ ውሰዳት።

የእናታችንን ጉልበት ሳምልኝ፤ ዘር የመምረጥ ብልሃታቸው እዚህ ጎንደር ድረስ መጥቶ አኮርቶኛል በላቸው። ለእጅጋየሁ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ልጇን አልነጠቅኋትም፣ እያቆየሁላት ነው። ለዋኘው ቤተሰብ ሰላም በልልኝ፤ እንዳይቀየመኝም ንገረው። እንዳልካቸውን ጉንጩን ሳምልኝ። አፍ አልፈታም ብለህም ዝም አትበለው፣ አውራው።

እህትህ መስከረም
ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ
ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.