ከመዳቡ ላይ የተፋቀው ስም

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ

ቤልትራሞ ስሜን ከቀረጽኩት የማተሚያ መዳብ ላይ ፋቀው። የልጄ ባል፣ አታሚው። ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

እንደ ልማዴ ጠዋት ወደ ማተሚያው ወረድኩ። «የአማልክት ማዕድ» የተባለው ሥዕል ታትሞ ሊደርቅ ገመድ ላይ ተሰቅሏል። በቀኝ ግርጌ የሠዓሊው የላታንዚዮ ስም። በግራ የኔ... ባዶ። አሥራ አራት ወር የቀረጽኩት! ከእንግዲህ ይህ ዓይን ሌላ አያስቀርጸኝም።

«አባባ፣ መምህር ላታንዚዮ ተቆጥተዋል፤ ንድፉ የሳቸው ነው። እርስዎ ቀዱት እንጂ...» አለኝ ቤልትራሞ።

ቀዳሁት? በሠዓሊው ንድፍ ላይ አንካሳው አንጥረኛ አምላክ፣ ቩልካን፣ በር ሥር ቆሞ ይሳቅበታል። እኔ ማዕዱ ላይ አስቀመጥኩት። እኔም እንደ እሱ ብረት ቀጥቃጭ፣ የጦር ልብስ ሠሪ ነበርኩ፤ መቅረጽን ማንም አላስተማረኝም። ላታንዚዮን ያስቆጣው ይሄ ነው?

ኅዳር 6

ልጄ ኦርሲና ሾርባ ይዛ መጣች።

«አባዬ፣ ብላ እንጂ። ከሾርባውም ተጣላህ?»

«ባልሽ ሌባ ነው።»

«ሠዓሊው ስምህ ካልወጣ ንድፎቼን ሁሉ እወስዳለሁ አለ። ምን ያድርግ? ማተሚያ ቤቱ ይዘጋ?»

ቀና ብላ አላየችኝም። ልጄ እኮ ናት...

ኅዳር 9

ለሙያ ማኅበራችን ዳኞች አቤት እላለሁ፤ ለኦርሲናም ነግሬያታለሁ። መዳቡን አሳያቸዋለሁ። የማንቶቫ ከተማ ሰው ሁሉ ይስማ።

ኅዳር 11፣ የቅዱስ ማርቲን በዓል

ሁሉም አዲሱን ወይን ሊቀምስ ወጣ። ወደ ማተሚያው ገብቼ መዳቡን አነሳሁ።

የተፋቀ ቦታ ይጎደጉዳል፤ ሲታተም ቀለም ይቋጥራል። ከጀርባ በመዶሻ ካልተነሳ አይስተካከልም። ገለበጥኩት። ትንንሽ ምቶች፣ ከዳር ወደ መሃል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የዞሩ።

በዚህ ከተማ እንዲህ የሚመታ የለም። ራሴ ያገኘሁት ዘዴ ነው። ያስተማርኩት አንድ ሰው ብቻ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። «ከዳር ጀምሪ ኦርሲና፣ ወደ መሃሉ አትቸኩዪ...»

አንድ ምት አልሳተችም።

መዳቡን ቦታው መለስኩት።

ኅዳር 12

«አባዬ፣ ለዳኞቹ መቼ ነው የምትናገረው?»

«ምኑን?»

የሾርባውን ሳህን ፊቴ አስቀመጠች። «አባዬ፣ ያን ስም እኮ...»

«ጨው አንሶታል» አልኳት። ሾርባውን ጨረስኩት።

ስለዚህ ነገር ከእንግዲህ አልናገርም። ለዳኞቹም፣ ለሷም፣ ለዚህ ወረቀትም።