ገመዱ ላይ የከመርነው ኩበት

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ ለሳህሌ፤ ድሬዳዋ።

እንደምን ሰነበትክልኝ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? የባለቤትህ የመሰለችስ ወገብ ተሻላት? ልጅህ አምባውስ ቁመቱ የት ደረሰ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ካሳሁንም እንደ ልማዱ ጣቢያው ላይ ባቡር ሲቀበልና ሲሸኝ ይውላል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የእሱ ወዳጅ ነውና ምሳ ሳታበላ እንዳትለቀው።

አንተ ከብረትና ከመብራት ጋር ስለምትውል የምጽፍልህን ታውቀው ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ገና መስማቴ ነው። ወደ ጨርቅ ፋብሪካው የሚሄደው ትልቁ የኤሌክትሪክ ገመድ በጓሯችን በኩል ተቀብሮ ያልፋል። በታኅሣሥ ውርጭ ሜዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ ሲያድር፣ ገመዱ ባለበት መስመር ላይ ብቻ ሣሩ ደረቅ ነው። የጎረቤቴ የዳሲቱ ውሻም ከዚያ ወዲያ ሌላ መተኛ አጣ። ምን ይሆን ብዬ እጄን ባስቀምጥበት ለብ ብሏል!

ዳሲቱ ላሞች አሏት። «ታዲያ ምን እንጠብቃለን?» አለችና ኩበቷን እዚያ ታሰጣ ጀመር። እኔም ተከተልኳት፣ የሰፈሩ ሴትም ተከተለ። እውነትም ቶሎ ይደርቃል። የደረቀውን ደግሞ ማን ያነሳዋል፤ እዚያው እየከመርን ከሰው ቁመት አስበለጥነው።

አንድ ቀን ልጄ ወርቅውሃ ከፋብሪካ እያለቀሰች መጣች። የማታ ፈረቃ ተቀጥራ ገና መንፈቅ አልሞላትም። ለካ ገመዱ ከልኩ በላይ ሞቆ፣ ጭነቱ እንዲቀንስለት የማታው ፈረቃ ሊዘጋ ነው። ከተዘጋ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰናበቱት አዲሶቹ ናቸው። እህል አልቀምስም ብላ ተኛች።

በማግስቱ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዱሬሳ መስመሩን በእግሩ እየተከተለ መጣና ክምራችን ፊት ቆመ። ራሱን ይዞ፣ «እናቶቼ፣ ትኩሳት የያዘውን ሰው ጋቢ በጋቢ ላይ ደረባችሁበት እኮ!» አለን። ዳሲቱ መች ዝም ትላለች፤ «እሳቱን ከመሬት በታች እናንተ አንድዳችሁ እኛን ትቆጣላችሁ?» ብትለው እሱም ሳቀ።

እኔ ግን አልለቀቅኩትም፤ ለምን ይሞቃል፣ ቢሞቅስ ምን ይሆናል ብዬ ያዝኩት። ገመዱ ብዙ ኃይል በተሸከመ ቁጥር ይሞቃል አለኝ። ሙቀቱን አፈሩ ይቀበልና ወደ ላይ ለአየሩ ይሰጠዋል። እኛ ስንከምርበት መውጫ አጣ። ደግሞስ የገመዱ የውስጥ መዳብ የተጠቀለለው በምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዘይት በጠጣ ወረቀት! ወረቀቱ ከልክ ባለፈ ሙቀት እያረረ ይሄድና አንድ ቀን ገመዱ ይፈነዳል፤ ያን ጊዜ ፈረቃው ብቻ ሳይሆን ፋብሪካው በሙሉ ይቆማል። ታዲያ ለምን ውሃ አናጠጣውም ብዬ ብጠይቀው፣ እርጥብ አፈር ሙቀትን ቶሎ እንደሚያሳልፍ፣ ገመዱ በክረምት የበለጠ የሚሸከመውም ለዚሁ እንደሆነ ነገረኝ። «ግን እትዬ፣ በዚህ በጋ በእንስራ ስንቱን ያዳርሱታል?» አለኝ።

ኩበቱን ወገባችን እስኪቆረጥ ተሸክመን አነሳነው። ዱሬሳ በተቀበረች ቧንቧ የሙቀት መለኪያውን ወደ ገመዱ ጎን እያወረደ ሲያይ እኔም አብሬው አጎነብሳለሁ፤ ወርቅውሃ ደግሞ ደጃፍ ላይ ቆማ ፊቴን ታያለች። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወረደ። ያም ሆኖ አለቆቹ አፈሩ ገና ደረቅ ነው ብለው ፈሩ። በመጨረሻ ፈረቃው እንዲቀጥል፣ ነገር ግን ዝናብ እስኪጥል ድረስ የማታ ሠራተኞቹ ሲገቡ የማቅለሚያው ክፍል እንዲቆም ተወሰነ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ገመዱ አይችላቸውም።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። መሬቱ አሸዋ፣ ፀሐዩም እሳት በሆነበት ባንተ አገር የተቀበረ ገመድ እንዴት ይሆናል? በጥልቀት ይቀብሩታል ወይስ ያወፍሩታል? ጠይቀህ ጻፍልኝ፤ ዱሬሳም ማወቅ እፈልጋለሁ ብሏል።

መሰለችን ሳምልኝ፤ ወገቧን በሞቀ ጨው ትተኩሰው። አምባውን ጉንጩን ሳምልኝ። ካሳሁን ናፍቆኛል ይልሃል። ዳሲቱም «ኩበት ማድረቂያ ካለህ ንገረን» ብላ ሰላምታዋን ልካለች። ወርቅውሃ በራሷ እጅ ሰላምታዋን እንዳትጨምርበት እቤት የለችም። ይኸው የማቅለሚያው ሞተር ዝም አለ፤ የሽመናው መኪና ሁሉ ሲንጫጫ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ሥራ ገብታለች።

እህትህ አሰጋሽ
አቃቂ፣ የካቲት ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.