አምስት ሰዎች ስለሚጠብቁት የይለፍ ቃል

ለክቡር አቶ አንዷለም፣ የከተማችን የመረጃ ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

የካቲት 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? የመንዝ ብርድ እንዳይበረታብዎ፣ የቢሮዎ ወንበርም ጀርባዎን እንዳያሳምምዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ጡረተኛው መምህር መርስዔ ኃዘን፣ በማዕከልዎ አግዳሚ ላይ አምስት ቀን ተቀምጬ ወገቤን ከመታመሜ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ እንዳልረብሽዎ ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት ልጄ ጽናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ሰባት ዓመት ሙሉ ዳገቱን ስትወጣና ስትወርድ ቆይታ ዘንድሮ ለነርስነት ትምህርት ታጨች። የቀራት እስከ ዓርብ የካቲት 18 ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ በኢንተርኔት ተመዝግቦ የማስረጃዎቿን ፎቶ መላክ ብቻ ነበር። በስልክ ኔትወርክ ይህ የማይሞከር ስለሆነ፣ ሰኞ ጠዋት ለሕዝብ ወደተተከለው ዋይፋይ መጣን። ስላገኘነው መስተንግዶ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ጥበቃው። የይለፍ ቃሉን በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ለአምስት ሰዎች ከፋፍለው፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ፊደል በአደራ መስጠትዎን አደንቃለሁ፤ በዚህ አያያዝ እንኳን ሌባ ባለቤቱም አይገባም። አራተኛ ክፍል ሳሉ ማካፈል ያስተማርኩዎ እኔ ነኝ፤ ይህን ያህል ይወዱታል ብዬ ግን አልገመትኩም። ሰኞ ሁለቱ አደራ ያዦች መሐል ሜዳ ስብሰባ ሄደው ነበር። ማክሰኞ እነሱ ሲመለሱ ሦስተኛው አደራ ያዥ አቶ ትዕዛዙ በግ ሊሸጡ ሞላሌ ወረዱ። ረቡዕና ሐሙስ ወይዘሮ ደብሪቱ ወንድማቸው ሞተውባቸው ለቅሶ ተቀመጡ፤ ድንኳኑ ድረስ ሄጄ ሁለቱን ፊደል ልጠይቃቸው ቃጣሁ፤ ነፍስ ይማር ብቻ ብዬ ተመለስኩ። ሳምንቱ ነነዌ ነበር፤ የነነዌ ሰዎች በሦስት ቀን ምሕረት አገኙ፤ እኛ ግን ደጅ እንደ ጠናን ዓርብ ደረሰ።

2ኛ. ስለ ሥርዓቱ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት አምስቱም ተሟሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከነጥቁር ልብሳቸው መጡ፤ ለእሳቸው ያለኝ ምስጋና እውነተኛ ነው። እያንዳንዳቸው ፊደላቸውን በጽናት ስልክ ላይ እስኪያስገቡ፣ በመመሪያዎ መሠረት እኔና ልጄ ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ቆምን። ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ወደ ግድግዳ ሳዞር የኖርኩ ሰው ነኝና፣ በስተርጅና ቅጣቱን ስላቀመሱኝ እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ. ስለ ፍጥነቱ። ለሕዝቡ በጭልፋ እየለኩ ለራስዎ ስልክ ግን ገደብ አለማበጀትዎን የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ዕለት የታየን የዲፕሎማዋ ፎቶ ከመቶ አርባ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቀር፣ የተሰማን ደግሞ ከግድግዳው ማዶ በስልክዎ የሚታየው ኳስ አንዴም ሳይቆራረጥ ሲንቆረቆር ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ምዝገባው ተዘጋ። ጽናት አላለቀሰችም፤ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ። እኔ ግን መንገድ ላይ አልቅሻለሁ።

ክቡርነትዎ፣ ደክሞኛል። ክስ ለመመሥረትም ሆነ ይቅር ለማለት የሚበቃ ጉልበት የለኝም፤ ዓመቷንም የሚመልስላት የለም። ዛሬ የገባውን ዐቢይ ጾም በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ሥልጣንዎንም እንደ ይለፍ ቃሉ ለአምስት ከመከፈል ይጠብቅልዎ።

ከአግዳሚው ወንበር ላይ እጅ የሚነሳ፣ የቀድሞ መምህርዎና የዘወትር ደጅ ጠኚዎ፣
መርስዔ ኃዘን

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ሰሞኑን ኳሱ እየተንቀራፈፈ አስቸግሮዎት ከሆነ ምክንያቱን አውቃለሁ። አምስት ሰው የሚጠብቀው የዋይፋይ መሣሪያ፣ ማስተካከያው የሚከፈትበት የፋብሪካ ቁልፍ ቃል ሳይቀየር ከሥሩ ተለጥፎ ኖሯል። ጽናት በዚያ ገብታ የእርስዎን ፍጥነት ለሕዝቡ፣ የሕዝቡን ለእርስዎ አዛወረች፤ የሕዝቡንም የይለፍ ቃል ከዚያው አውጥታልኝ ከዚህ ደብዳቤ ጎን ለጥፌዋለሁ። የማስተካከያውን ቁልፍ ቃል ግን እንዳስተማሩን በአዲስ ቀይራ ለአምስት ሰው አከፋፈለችው። እኔን ጨምሮ አራታችን እዚሁ አለን፤ ሲፈልጉን ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ይጠብቁን። የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ከጽናት ጋር ወደ ቀበሌዋ ተመልሰዋል፤ የምትመጣውም የመጪው ዓመት ምዝገባ ሲከፈት ነው።