«ያስቀምጠኛል» ያልኩ ለት

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ጠዋት
ዛሬም ታክሲ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ከሰልፉ ወጣሁ። ጦር ኃይሎች ሳንደርስ መንገዱ ቢዘጋጋስ? ባለፈው በምሠራበት ሱቅ ውስጥ መጋረጃ ስለካ ሰገራ አመለጠኝ፣ ደንበኛ ፊት። ልጁን ከወለድኩ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት። ባሌ ታምራት ሥራው የሰለቸኝ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10
መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ወንድ፣ ከኋላዬ ሰው ቆሟል። «ያመልጠኛል» ማለት አፍሬ «ያስቀምጠኛል» አልኩ። የተቅማጥ ማቆሚያ ሰጠኝ። ምን ያድርግ፣ የጠየቅኩትን ነው የሰጠኝ።

እሑድ፣ ኅዳር 14
ሆዴ ድርቅ አለ። ማምለጡ ግን ባሰበት። ይሄ እንዴት ይሆናል? ከቤ/ክ ቀረሁ። እማዬ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትላለች፣ ያውም ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ። ለድርቀቱ የጉሎ ዘይት ይዛልኝ መጥታለች። አልጠጣሁም፣ ፈራሁ።
ማታ ማታ ከልጁ ጋር ሌላ ክፍል ነው የምተኛው። ታምራት ዛሬ ሌላ ሰው አለሽ ወይ አለኝ። ልጁን ይዤ ወደ ክፍሌ ገባሁ። አንጀቴ ነው ያረረው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16፣ ከሰዓት
ሐኪም ቤት። ለዶ/ሯም ያንኑ ዋሸኋት። መረመረችኝና ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።
«እህቴ፣ ያስቀምጥሻል ወይስ ያመልጥሻል? መድኃኒታቸው ለየቅል ነው።»
ያመልጠኛል አልኩ። አለቀስኩ፣ ግን ቀለለኝ።
አንጀቴ በደረቅ ነገር ተደፍኗል፤ የሚያመልጠኝ በጎኑ ሾልኮ የሚወርደው ቀጭኑ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ኪኒን አባብሶታል፤ አቁሚ አለችኝ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቀዶ ጥገና፣ በወሊድ የተቀደደውን የፊንጢጣ ጡንቻ መስፋት፤ ለሁሉም ሰው አይሳካም። ሌላው በውሃ የሚጠጣ የሰገራ ማለስለሻ ዱቄት፣ ከቁርስ በኋላ ሳይቸኩሉ ሽንት ቤት መቀመጥ፣ ጡንቻውን እየጨበጡ መልቀቅ። ወራት ይፈጃል። እሷ ከዚህ እንጀምር ትላለች።
እኔ ቢላዋውን ነው የፈለግኩት። አንዴ ተኝቶ መገላገል። ለታምራትም ትርፍ አንጀት ነው ይባላል፣ ማን ያውቃል? ዱቄቱን ግን በየቀኑ የት ደብቄ እወስደዋለሁ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 18፣ ማታ
ዱቄቱን መረጥኩ። ቢላዋውን የወደድኩት ለመዳን አልነበረም፣ ለመደበቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጁን የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ታምራት ነው። ቢጸየፈኝስ? ይጸየፍ። ከሚጠረጥረኝ ይሻላል።
መጣ። በር ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው። ልጁን አስታቅፈውና ሌላ ሰው እንደሌለኝ፣ የምሸሸው እሱን ሳይሆን ኀፍረቴን እንደሆነ፣ «ያመልጠኛል» ብዬ እነግረዋለሁ።