ሩፊና ቤት ገብተሽ የምታዢው

ይድረስ ለእህቴ ለኤርሊንዳ፣ ቲሁዋና።

ብዕሩን የያዘችው ጎረቤታችን ብሪጊዳ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ የወንድምሽ የፊደንሲዮ ነው። እንዳታሳምረው አስጠንቅቄያታለሁ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ እንደ እኔው ሆንሽ? ባልሽን ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ጉልበቴም ዓይኔም ከድተውኛል፤ ሌላው ደህና ነው፤ እመቤታችን ትመስገን።

ለፋሲካ ስትመጡ ፑዌብላ ከተማ ልጄ ሩፊና ምግብ ቤት ልትበሉ ነውና፣ ምን ማዘዝ እንደሚሻል ንገረኝ ብለሽ ልከሽብኛል። እኔን መጠየቅሽ ደግ አደረግሽ፤ ሄጄ በልቻለሁ። የሄድኩት ግን ርቦኝ አይደለም።

ሩፊና ቤቱን ከከፈተች ወዲህ ሰማያዊውን በቆሎዬን በየመኸሩ በጆንያ እልክላታለሁ። ታዲያ ባለፈው ሳምንት ያ ነገረኛ ጎረቤታችን መልኪያዴስ አደባባይ ላይ ሰው ሰብስቦ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ልጅህ እኮ የምትጋግረው የፋብሪካ ዱቄት ነው! ያንተ በቆሎ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል» አለኝ። «አንተ ከተማ የገባኸው ጥርስህን ልትታከም ነው፤ እሱንም ነቅለው ሰደዱህ» ብዬ አፉን አስያዝኩት። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ንዴት አልነበረም፤ ተስፋ ነበር። ደክሞኛል፣ ኤርሊንዳ። በቅሎዬ ሞታለች፤ ያንን ዳገት ብቻዬን በዶማ ነው የምቆፍረው። ለካንዴላሪያ በዓል ዘሩን ቤተ ክርስቲያን ወስጄ ማስባረክ አለብኝ፤ አንዴ ከተባረከ ደግሞ አልዘራም ማለት የለም። ስለዚህ፣ ዱቄት ሆኖ ካገኘሁት ዘሩን አላስባርክም፣ ዶማዬን ሰቅዬ አርፋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ዱቄት እንዲሆን ነበር የምጸልየው።

ቤቱ ይጮኻል። ሙዚቃው ደረት ይመታል፤ ሰው ሁሉ ከተራራ ወደ ተራራ የሚጣራ ይመስላል። ክንዷን በሙሉ የተነቀሰች አስተናጋጅ የምግብ ዝርዝር ሰጠችኝ። እንደሚያነብ ሰው አገላበጥኩና፣ «ልጄ፣ ይሄን ተይው፤ ቂጣ በጨው አምጪልኝ» አልኳት። «አባባ፣ ቂጣ ብቻ? ከምን ጋር?» «ከጨው ጋር አልኩሽ እኮ!» እየሳቀች አመጣችልኝ። ሩፊና ጓዳ ነበረች፤ መምጣቴን አላወቀችም።

ቆረስኩት። አሸተትኩት። አንዴ አላመጥኩ። የእኔው ነው፤ በኖራ ተቀቅሎ፣ በድንጋይ ተፈጭቶ፣ የዳገታችን አፈር ከነጣዕሙ አለበት። ከአፌ ቀድሞ ጉልበቴ አወቀው። ሌላ አባት ቢሆን ደስ ይለው ነበር፤ እኔ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በብስጭት ብዙ አዘዝኩ፤ ስለዚህ ስሚኝ። ከሁሉ በፊት ቂጣውን በጨው እዘዢ። ቀጥሎ የበቆሎውን አረማሞ፣ ዝናብ ሲበዛ እሸቱ ላይ የሚያብጠውን ጥቁሩን፣ እናታችን በሽንኩርት ትጠብስልን የነበረውን። እዚያ እንደ ወርቅ ነው የሚሸጡት፤ ብትስቂም እዘዢ። ዳክዬውን በሞሌ ባልሽ ሲሪሎ ይብላው፤ እሱ በርበሬና ቸኮሌት በአንድ ወጥ ሲያገኝ ሚስቱንም ይረሳል። ፌንጣው ጥሩ ነው፣ ግን የእጅ መዳፍ አይሞላም። አረፋ ያለበትን ዓሣ እንዳትነኪ፤ ሰው የተፋበት ይመስላል። ብሪጊዳ ይሄንንስ አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊው ብያለሁ።

እጄን ልታጠብ ስነሣ በየገበታው «ይስማማችሁ» እያልኩ አለፍኩ። ያ ሁሉ ጯሂ ቀና ብሎ «እናመሰግናለን፣ አባባ» አለኝ። ይሄ ወግ ገና አልጠፋም።

በልቼ ስጨርስ ተቀመጥኩ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ለመንገዱ ስንቅ ሳይቋጠርለት አይወጣም፤ ይህ ደግሞ የልጄ ቤት ነው። አስተናጋጇ መጣች፤ «አባባ፣ ምን ልጨምርልዎ?» «ምንም።» ሄደች፤ ተመልሳ መጣች። ሰው ወጣ፣ ለማታው ገበታ ይጸዳ ጀመር፤ እኔ ንቅንቅ አላልኩም። በመጨረሻ «አንድ ሽማግሌ አልነሣም ብለዋል» ብላ ሩፊናን ጠራቻት።

«አባባ! መቼ መጣህ? ምን ሆነህ ነው?» «ስንቄን እየጠበቅኩ ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ሳቋን አቋርጣ አጠገቤ ተቀመጠች። ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ከአፌ አመለጠኝ። «ሩፊና፣ ደከመኝ» አልኳት። ዝራም፣ ተውም አላለችኝም። ጓዳ ገብታ ትኩስ ቂጣ በጨርቅ ቋጥራ መጣች፤ እጄ ላይ አኖረችውና፣ «ሰኞ ሰኞ ቤቱ ዝግ ነው» አለችኝ። ይቺን ብቻ።

እንግዲህ የከተማ ሰው ቃል እንደዚያ አረፋ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዘሩን ለቅሜ ቅርጫት ውስጥ አድርጌዋለሁ፤ እሑድ በበዓሉ ይባረካል። ሰኞን እያሰብኩ ሁለት ዶማ ስያለሁ፤ አንደኛው የእናቷ ነው፣ እጀታው አጠር ያለው።

አንቺም ሳይቋጠርልሽ ከዚያ ቤት እንዳትነሺ፤ እንዳትጠይቂያትም። ሳትጠየቅ ከሰጠችሽ ወሬውን ላኪብኝ።

ሲሪሎን ያን ጢሙን ይላጨው በይልኝ። ልጅሽን ኤውላሊያን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ ትንሹን አንሴልሞን አጎትህ ዳገቱን ሊያሳይህ ይጠብቃል በይው። ለአማትሽ ለዶኛ ቶማሳ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ሰላም ብያለሁ።

ሳን ኢሲድሮ መንደር፣ ትላስካላ፤ ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 2025።

በይ ብሪጊዳ፣ አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ደከመኝ ያልኩበት ጋ ስትደርሺ ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ በሩ ክፍት ነው፣ መልኪያዴስ ይሰማል።